በቢስክሌት በደብረ ታቦር ዳገት

ቢስክሌት ሲባል አብዛኛው ሰው የሚያስበው ሜዳ አገርን ነው። ባሕር ዳርን የሚያውቅ ሁሉ ይህን አሳብ ያጸናዋል። በጣና ዳር በተዘረጋው ለጥ ያለ ምድር ላይ ተማሪው ወደ ትምህርት ቤቱ፥ ሠራተኛው ወደ ሥራው፥ ነጋዴውም ወደ ገበያው በሁለት ጎማ ሲመላለስ ማየት የተለመደ ነው። ከዚያ ተነሥቶ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ተጕዞ ደብረ ታቦር የደረሰ ሰው ግን ቢስክሌቱ እየሳሳ መሄዱን ያስተውላል። ምክንያቱን ቢጠይቅ የሚሰጠው መልስ አንድ ነው፤ «ይህ እኮ ዳገት አገር ነው!» ይሉታል።

መልሱ እውነት አለበት፤ ነገር ግን ሙሉ እውነት አይደለም። ዳገት ቢስክሌትን የሚከለክል ቢሆን ኖሮ፥ ከሜዳማይቱ ከሆላንድ ሳይቀር ቢስክሌታቸውን በባቡርና በአውሮፕላን አስጭነው ወደ ኢጣልያ ኰረብቶች የሚጓዙት ሰዎች ባልተገኙ ነበር። እነዚህ ሰዎች ገንዘባቸውን ከፍለው፥ የዓመት ዕረፍታቸውን ሠውተው የሚፈልጉት ያንኑ እኛ የምንሸሸውን ዳገት ነው። እነርሱ የሚሸሹት ሌላ ነገር ነው፤ ይኸውም መኪናን ነው።

በኢጣልያ መካከል ኡምብሪያ የሚባል ተራራማ አውራጃ አለ። በዚያ አውራጃ ስፖሌቶ ከምትባለው ከተማ ተነሥቶ በተራራ መካከል ኖርቻ ወደምትባለው ከተማ የሚሄድ፥ ርዝመቱ 51 ኪሎ ሜትር ያህል የሆነ ትንሽ የባቡር ሐዲድ ነበረ። እ.ኤ.አ. በ1926 ተከፈተ፤ አውቶቡስና አውቶሞቢል ሲበረክት ገበያው ቀዝቅዞበት በ1968 ተዘጋ። ሐዲዱም ተነቀለ። የቀረው መስመሩ ብቻ ነው፤ አሥራ ዘጠኝ ዋሻዎቹ፥ በሸለቆ ላይ የተሠሩት ረዣዥም የድንጋይ ድልድዮቹ፥ ተራራውን እንደ ጥምጥም እየዞረ የሚወጣው ጥርጊያው ቀረ። ባቡር ቀጥ ያለ አቀበት አይወድምና መሐንዲሶቹ ተራራውን አስቀድመው አለዝበውት ነበር፤ ስለዚህ ከብዙ ዓመት በኋላ ያው መስመር ለቢስክሌትና ለእግረኛ ተሰጠ። ረዥሙ ዋሻ ሁለት ኪሎ ሜትር ሊሞላ ጥቂት የሚቀረው ነው። በእጅ መብራት እያበሩ ሲያልፉበት ከጎማና ከውሃ ጠብታ ድምፅ በቀር የሚሰማ ነገር የለም ይባላል።

(የእኛም አገር ሥራ የፈታ ሐዲድ አላጣም። ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የደረሰው አሮጌው የምድር ባቡር፥ ከአዲስ አበባ እስከ ድሬዳዋ ባለው ክፍል መሮጡን ካቆመ ቈይቷል። ቈላው ለቢስክሌት ነጂ የሚራራ አይደለም እንጂ አሳቡ የሚናቅ አይመስለኝም።)

ሁለተኛው ምሳሌ ከኡምብሪያ ጎረቤት ከቶስካና ነው። በዚያ ኰረብታ ላይ፥ በወይንና በወይራ እርሻ መካከል፥ ከነጭ ጠጠር የተሠሩ የገጠር መንገዶች አሉ። የአገሩ ሰው «ነጭ መንገድ» ይላቸዋል። አስፋልቱ በየዓመቱ እየበላቸው ሲሄድ ጃንካርሎ ብሮቺ የተባለ ሰው፥ እ.ኤ.አ. በ1997 ጋዮሌ ከተባለች ትንሽ ከተማ የሚነሣ የቢስክሌት ጕዞ አቋቋመ። ተጓዦቹ አሮጌ ቢስክሌት ይዘው፥ የሱፍ ሹራብ ለብሰው፥ በነጩ አቧራ ውስጥ ያልፋሉ። በመጀመሪያው ዓመት የተገኙት መቶ እንኳ አይሞሉም ነበር፤ ኋላ በሺህ የሚቈጠሩ ሆኑ። ዓላማው ጨዋታ ብቻ አልነበረም፤ መንገዶቹ እንዳሉ ይቈዩ ብሎ መሟገት ነበር። ከ2007 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ደግሞ ባለሙያዎቹ ጋላቢዎች በእነዚያው መንገዶች ላይ ይወዳደራሉ።

የእኛም ሰዎች ለዚህ ዓለም እንግዶች አይደሉም። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1956 ሜልቦርን ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሊምፒክ ስትገባ ከሯጮቹ ጋር ቢስክሌት ጋላቢዎችም ነበሩ። የመቀሌው ልጅ ጽጋቡ ገብረማርያም ግርማይ በ2016 እ.ኤ.አ. በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። ጎረቤታችን ኤርትራዊው ቢንያም ግርማይም በ2022 እ.ኤ.አ. በኢጣልያ ዙር ውድድር፥ ማርኬ በተባለው አውራጃ ኰረብቶች ላይ ያለፈውን፥ ዬዚ ከተማ የሚያልቀውን የአንድ ቀን ጕዞ አሸነፈ። ደስታውን ሲገልጽ የከፈተው የወይን ጠርሙስ ቡሽ ዓይኑን መትቶት በማግስቱ ከውድድሩ መውጣቱ የታወቀ ነው። ዳገቱን ሁሉ ድል አድርጎ በቡሽ የተሸነፈ ሰው ከእርሱ በቀር የሚገኝ አይመስለኝም።

ቢስክሌትን ከኢጣልያኖች ጋር የሚያገናኘን ግን ከሁሉ ይልቅ አፋችን ነው። ጎማ፥ ፍሬን፥ ማርሽ፥ ፖምፓ፥ ጎማ የሚጠግነውንም ሰው ጎሚስታ ስንል ከእነርሱ የወሰድነውን ቃል ነው የምንናገረው። ያልተደለደለውን የገጠር መንገድ «ፒስታ» እንላለን፤ እነርሱ ደግሞ ለቢስክሌት ብቻ የተለየውን መንገድ በዚሁ ቃል ይጠሩታል። ደብረ ታቦር በአምስቱ ዓመት የጠላት ጦር የሰፈረባት፥ ያም ጦር በ1933 ዓ.ም. ክረምት እጁን የሰጠባት ከተማ ስለሆነች፥ በዚያ ስለ ኢጣልያ መንገድ ማመስገን ለአንዳንድ አረጋዊ ጆሮ ላይጥም ይችላል። ይቅርታቸውን እየለመንን እንቀጥላለን፤ ቃሉ አንዴ ከአፋችን ገብቷልና።

እንግዲህ ወደ ደብረ ታቦር እንመለስ። ከወረታ እስከ ደብረ ታቦር 42 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ወረታ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ፥ ደብረ ታቦር ደግሞ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው። ልዩነቱ ለጠቅላላው መንገድ ሲካፈል በየመቶው ሜትር ሁለት ሜትር ከጥቂት ብቻ ነው። ይህን ሒሳብ በክፍል ውስጥ የሠራ ተማሪ «ይኸ ነው ዳገት የተባለው?» ይል ይሆናል። ነገር ግን ዳገት በአማካይ አይወጣም። የመንገዱ መጀመሪያ በፎገራ ሜዳ ዳር፥ በሩዝ ማሳ አጠገብ ለጥ ብሎ ይሄድና ነጂውን ካታለለ በኋላ፥ የቀረውን አቀበት በጠመዝማዛው ላይ አከማችቶ ይጠብቀዋል።

ይህ ከወረታ ተነሥቶ በደብረ ታቦር በኩል እስከ ወልድያ የሚዘልቀው 300 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ በደርግ ዘመን በቻይና ርዳታ የተሠራ ነው። ለአገሩ ትልቅ ጥቅም ሰጥቷል። ለቢስክሌት ግን አልመክረውም። ከባድ መኪናውም ሚኒባሱም በጠመዝማዛው ላይ በጡሩምባ እየተጠራሩ ያልፋሉ፤ ዳር ይዞ የሚሄድ ሰው ከገደሉና ከመኪናው አንዱን ይመርጣል። በዚህ መንገድ መሄድ ግድ የሆነበት ወጣት በማለዳ ተነሥቶ፥ ከወረታ ብዙም ሳይርቅ ከአስፋልቱ ጥቂት ገባ ብላ ወደምትገኘው፥ በ1964 ዓ.ም. ወደተመሠረተችው ወደ አውራ አምባ ማኅበረ ሰብ ቢደርስ ይበቃዋል። እንግዳ ማደሪያ አላት፤ ወንዱም ሴቱም እኩል ሲሸምኑ ያያል። ከዚያ ወደ ላይ ያለውን ቢስክሌቱን በአውቶቡስ ጣራ ላይ አስጭኖ ቢወጣ አያሳፍርም። እውነተኛው ሽርሽር የሚጀምረው ከደብረ ታቦር ነው።

መጀመሪያ ሊሄዱበት የሚገባው ጋፋት ነው። ከከተማው ጥቂት ኪሎ ሜትር ብቻ ስለሚርቅ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከቢሮ የወጣ ሰው ደርሶ ለመመለስ ይችላል። ጋፋት ዐፄ ቴዎድሮስ የውጭ አገር የእጅ ባለሙያዎችን አስፍረው መሣሪያ ያሠሩበት ስፍራ መሆኑን ተማሪ ሁሉ ያውቀዋል። ሴባስቶፖል የተባለው፥ ክብደቱ ሰባት ቶን ያህል የሆነው መድፍ በ1859 ዓ.ም. የፈሰሰው በዚህ ነው። ስለ መድፉ ብዙ ተጽፏል፤ ስለ መንገዱ የተጻፈው ግን ጥቂት ነው። እኔን የሚያስደንቀኝ ሁለተኛው ነው።

ንጉሠ ነገሥቱ በጥቅምት 1860 ዓ.ም. ደብረ ታቦርን አቃጥለው፥ መድፉን በሠረገላ ላይ አስጭነው ወደ መቅደላ ሲነሡ መንኰራኵር የሚያልፍበት መንገድ አልነበረም። ስለዚህ መንገዱን እየሠሩ ሄዱ። ጠዋት ዐለት ይፈለጣል፥ ዛፍ ይቈረጣል፥ ጐርባጣው ይስተካከላል፤ ከዚያ በኋላ በመቶ የሚቈጠር ሰው በጠፍር እየጐተተ ሠረገላውን ጥቂት ያራምደዋል። ንጉሡ ራሳቸው ድንጋይ ያነሡ ነበር። በጨጨሆ አልፈው፥ የጅዳንና የበሽሎን ገደል ወርደው ወጥተው በመጋቢት መቅደላ ደረሱ። ፈረሰኛ በጥቂት ቀን የሚደርስበት ጕዞ ስድስት ወር ያህል ፈጀ። ከእንግሊዝ ጦር ጋር መጥቶ የነበረው ክሌመንትስ ማርካም የተባለው የጂኦግራፊ ዐዋቂ፥ ጠላት ሆኖ ሳለ ያንን መንገድ አይቶ በመጽሐፉ ውስጥ አድንቆ ጽፏል። መድፉ እስከ ዛሬ መቅደላ ላይ ነው።

አሥራ አምስት ኪሎ የማይሞላ ቢስክሌት ይዞ «ዳገቱ አስቸገረኝ» የሚል ወጣት ጋፋት ላይ ቆሞ ወደ ምሥራቅ ቢመለከት መልካም ነው። በዚህ አገር መንኰራኵር ከዳገት ጋር የተዋወቀው አስፋልትም ሞተርም ሳይኖር ነው።

ከጋፋት ቀጥሎ ሁለተኛው ሽርሽር ወደ ጉና ሥር ነው። ዋናው መንገድ በጋሳይና በክምር ድንጋይ አድርጎ ወደ ንፋስ መውጫ ይሄዳል። ስለ ንፋስ መውጫ የምለው አንድ ብቻ ነው፤ የከተማው ስም እንዲያው የወጣ አይደለም፥ ከፊት የሚመጣ ንፋስ ደግሞ መጨረሻ የሌለው ዳገት ነው። ነገር ግን ከዋናው መንገድ ግራና ቀኝ የሚገነጠሉ የጠጠር መንገዶችና ጥርጊያዎች አሉ። የሚፈለጉት እነዚህ ናቸው። ጉና ከ4,100 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ተራራ ነው፤ ጣና የሚገቡት ርብና ጉማራ ሁለቱም ከእርሱ ይነሣሉ። ሥሩ የገብስና የድንች አገር ነው። ከፍ ሲሉ እርሻው ይቀርና ጓሳውና ጅብራው ይጀምራል። ወደ ጫፉ በቢስክሌት ልውጣ ማለት ከንቱ ትዕቢት ነው፤ ወገቡን ይዞ ከመንደር መንደር መዞር ግን ይቻላል፤ በጥቅምትና በኅዳር ገብሱ ሲነጣ የሚታየው የቀለም ዓይነት በቶስካና ሥዕል ላይ ከሚታየው የሚያንስ አይደለም።

በዚህ ጥርጊያ ላይ ግማሽ ቀን ሲሄዱ አንድም መኪና ላያጋጥም ይችላል። እዚህ ላይ ግን እኔ ራሴ የተሳሳትሁበትን ልናገር።

ከጥቂት ዓመታት በፊት፥ አገሩ ጸጥ ባለበት በአንድ የጥቅምት ጠዋት፥ በዚያው በጉና ሥር ከአንድ ቍልቍለት ላይ ወርጄ ነበር። መንገዱ ባዶ መስሎኝ ፍሬኑን ለቅቄዋለሁ። ጠመዝማዛውን እንደዞርሁ ከፊቴ አንድ ሽማግሌ ገብስ የጫነች አህያ እየነዱ ወደ ገበያ ሲሄዱ አየሁ። እንደ ከተማ ልማዴ ደወሉን አቃጨልሁት። አህያይቱ በርግጋ ወደ ገደሉ አፋፍ ዘለለች፤ ጭነቱ ተገለበጠ፤ ስልቻው ተተርትሮ ገብሱ በጠጠሩ ላይ ፈሰሰ። እኔም ፍሬን ስይዝ ወደቅሁ፤ ስለ እኔ ግን ማንም የጠየቀ አልነበረም፤ መጠየቅም አይገባም ነበር።

ሽማግሌው መጀመሪያ አህያይቱን ይዘው አረጋጉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው «ልጄ» አሉኝ፤ «ደወሉ ለአህያ ምኗ ነው? አፍ አልፈጠረብህም?»

«ይቅር ይበሉኝ አባቴ፤ መንገድ ትለቅልኛለች ብዬ ነው» አልሁ።

«ከሩቅ ‹አባቴ፥ መጣሁ› ብትል እኔም እሰማ ነበር፤ እርሷም የሰው ድምፅ ታውቃለች። የብረት ድምፅ ከየት አባቷ ታውቃለች?»

ኮቴን በመሬት ላይ ዘርግተን ሁለታችን ቍጭ ብለን ገብሱን ከጠጠር እየለየን ለቀምነው። አንድ ሰዓት ሳይፈጅ አልቀረም። የተተረተረውን ስልቻ ይዤው በነበረው አሮጌ የውስጥ ጎማ ቈርጠን አሰርነው፤ ከጭነቱም እኩሌታውን ቢስክሌቴ የኋላ መጫኛ ላይ አድርጌ እስከ ገበያው አብረን ሄድን። በመንገድ ላይ «ይህ ነገር ስንት ይሸከማል?» ብለው ጠየቁኝ። «ሠላሳ ኪሎ አያቅተውም» አልኋቸው። የሚቀጥለው አቀበት ላይ ወርጄ ስገፋው እያዩ ትንሽ ዝም አሉና «እንግዲያው ዳገት ላይ የሚሸከመው ማን ነው?» አሉኝ። መልስ አላገኘሁላቸውም።

ከዚያን ቀን ወዲህ የገባኝ ነገር ይህ ነው። መኪና የሌለበት መንገድና ባዶ መንገድ አንድ አይደሉም። ኢጣልያኖቹ ባዶውን መስመር ያገኙት ባቡሩ ስለ ሞተ ነው፤ በዋሻው ውስጥ የሚያልፈው ተጓዥ ማንንም አይገፋም። የእኛ ጥርጊያ ግን መኪና ስላልደረሰበት ብቻ ነው ጸጥ ያለው፤ ውሃ የምትቀዳው ሴት፥ እንጨት የተሸከመችው ልጅ፥ ከብት የሚነዳው እረኛ፥ ቃሬዛ ላይ በሽተኛ ተሸክመው ወደ ጤና ጣቢያ የሚሮጡት ጎረቤቶች፥ እነዚህ ሁሉ የመንገዱ ባለቤቶች ናቸው። በእነርሱ መካከል ከሁሉ ፈጣኑ ቢስክሌቱ ነው። በአስፋልት ላይ መኪናው ለእኛ የሚሆነውን፥ በጥርጊያው ላይ እኛ ለእነርሱ እንሆናለን።

ስለዚህ በቍልቍለት ላይ የሚሄድ ሰው ከጠመዝማዛው በፊት ፍሬኑን ይያዝ፤ ከሩቅ ድምፁን ያሰማ፤ ሰላምታውንም ይስጥ። የበገምድር ሰው ሰላምታ ሳይሰጥ በአጠገቡ ሽው ብሎ የሚያልፍን መንገደኛ አይወድም፤ እውነቱንም ነው። የቀብር ጕዞ ሲያጋጥም ወርዶ ቆሞ ማሳለፍ፥ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ሲደርሱ መውረድ፥ በአውድማ ላይ አለማለፍ፥ ይህን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ቢስክሌት ላይ ሲወጣ ግን የሚረሳው ብዙ ነው። ውሻ ሲመጣ መሮጥ አይበጅም፤ ወርዶ ቢስክሌቱን በመካከል አድርጎ በቀስታ መራመድ ነው። ልጆች ዳገት ላይ ከኋላ እየገፉ «አይዞህ! አይዞህ!» ይላሉ። ከዚህ የበለጠ ማርሽ እስካሁን አልተሠራም።

ስለ ማርሽ ካነሣን፥ በየከተማው ከሚሸጡት ቢስክሌቶች አንድ ማርሽ ብቻ ያለው ለደብረ ታቦር አይሆንም። ለዳገት የሚያገለግለው ባለ ብዙ ማርሹ፥ ሰፋ ያለ ጎማ ያለው፥ በተራራ ስም የሚሸጠው ነው። በማርሽ መውጣት ድካም ነው ብለው የሚንቁ ጐበዞች በሁሉም አገር አሉ። ፖል ደ ቪቪ የተባለው ፈረንሳዊ ከመቶ ዓመት በፊት ጀምሮ ለማርሽ ሲሟገት ኖሮ፥ የቱር ደ ፍራንስ አዘጋጆች ማርሽ መቀየሪያን የፈቀዱት እርሱ ከሞተ በኋላ በ1937 እ.ኤ.አ. ነው። እስከዚያ ድረስ ታላላቆቹ ጋላቢዎች ዳገት ሥር ወርደው የኋላውን ጎማ ፈትተው ገልብጠው ያስሩ ነበር። ጕልበቱን የሚያሳይ ሰው እንደ ፈቃዱ ያድርግ፤ አገር ለማየት የወጣ ግን ቀላሉን ማርሽ አስገብቶ በቀስታ ይውጣ።

አየሩም ይታሰብበት። በደብረ ታቦር ከፍታ ያለው አየር ከባሕር ጠረፍ አየር ከሩብ በላይ የሳሳ ነው። ከአዲስ አበባ የሚሄድ ብዙም አይከብደው ይሆናል፤ ከቈላ የመጣ ግን ሁለት ሦስት ቀን ሳያርፍ ወደ ጉና ወገብ ባይወጣ ይሻላል። ጠዋት ብርዱ ጣት ያደነዝዛል፤ የደነዘዘ ጣት ፍሬን አይዝም፤ ስለዚህ ጓንት ጌጥ አይደለም። ሁለት የውስጥ ጎማ፥ መለጠፊያ፥ ፖምፓና አንድ መፍቻ ሳይዙ ከከተማ መውጣት በእግር ለመመለስ መስማማት ነው። ጎሚስታ የሚገኘው በዋናው መንገድ ዳር ነው፤ እርሱም የለመደው የመኪና ጎማ ነው። ስንቁን በተመለከተ በሶ የሚበልጠው አላየሁም፤ በውሃ በጥብጦ ጠጥቶ ዳገቱን መቀጠል ነው።

አሁን ለወጣት ሹማምንት አንድ ነገር ልበል፤ ከእነዚህ አንባቢዎች መካከል ነገ ስለ መንገድ ሥራ የሚፈርሙ አሉና።

ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ ቀበሌዎችን ከዋና መንገድ ለማገናኘት በተያዘው፥ «ዩራፕ» በተባለው የገጠር መንገድ ሥራ በየቦታው ብዙ የጠጠር መንገድ ተከፍቷል። እኛ በቢስክሌት የምንዝናናበት መንገድ ለገበሬው የማዳበሪያ፥ የወላድ፥ የተማሪ መንገድ ነው። ስለዚህ ቶስካና ላይ እንደተደረገው «ጠጠሩ ይቈይልን፥ አስፋልት አይምጣ» ብዬ ልሟገት አልደፍርም። የቶስካና ገበሬ ሌላ መንገድ ነበረው። ክረምት በዋልካ ጭቃ ውስጥ ምጥ የያዛትን ሴት በትከሻ ተሸክሞ ያደረ ሰው ዘንድ ሄዶ ስለ ነጭ አቧራ ውበት ማውራት ነውር ነው። አስፋልቱ ይምጣ።

ሲመጣ ግን እንዴት ይምጣ? የሚያሳስበኝ ይህ ነው። ብዙ ጊዜ መንገድ ሲሰፋ የእግረኛው ዳር ይጠፋል፤ አህያ ነጂው፥ ተማሪዋ፥ ቢስክሌት ያለውም ከመኪናው ጋር አንድ መስመር ላይ ይወድቃሉ። በአንድ የገጠር መንገድ ንድፍ ላይ ግራና ቀኝ አንድ አንድ ሜትር ተኩል የእግር ዳር ማኖር ወጪውን የሚጨምር መሆኑ አይካድም። ከዚህ ሌላ አሮጌው ጥርጊያ አዲሱ መንገድ በሌላ በኩል ሲቀየስ እንዲሁ እየታረሰ ይጠፋል። እርሱን ድንበሩን ጠብቆ ማኖር ግን የሚጠይቀው ገንዘብ ሳይሆን አንድ መስመር ጽሑፍና አንድ ፊርማ ነው። የበቅሎ መንገድ ከብዙ ዘመን ጀምሮ የተመረጠ መንገድ ነው፤ ውሃ የት እንደሚተኛ፥ ድንጋዩ የት እንደሚንሸራተት የበቅሎ ነጂ ከመሐንዲስ ቀድሞ ያውቅ ነበር። ለእግረኛ፥ ለጋማ ከብትና ለቢስክሌት የተለየ መንገድ እንሥራ ቢባል ብዙ ሚሊዮን ያስወጣል፤ ያለውን አለማፍረስ ግን ርካሽ ነው።

ይህን ሁሉ ስጽፍ ዛሬ ቢስክሌታችሁን ይዛችሁ ተነሡ ለማለት እንዳልሆነ ግልጽ ይሁን። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ የተነሣው ግጭት ብዙ መንገድ ዘግቷል፤ ደብረ ታቦርና አካባቢዋም ከዚህ አላመለጡም። አንድ ወጣት መንገድ ሰላም ነው ወይ ብሎ ሳይጠይቅ ከቤቱ መውጣት አይገባውም፤ ጠይቆም የሚያጠራጥር መልስ ያገኘ እንደሆነ ይቅር። ከገበሬው ይልቅ በዚህ የሚጐዳ የለም፤ እርሱ ሽርሽሩ ሳይሆን ገበያው ቀርቶበታል። እነዚያ ሽማግሌ ዛሬ ገብሳቸውን በዚያው መንገድ ወደ ገበያ ይወስዱ እንደሆነ ብዙ ጊዜ አስባለሁ።

መንገዱ ጸጥ ሲል የሚመረጠው ወራት ከመስቀል በኋላ ያለው ነው፤ ጭቃው ጠጥቶ፥ አቧራውም ገና ሳይነሣ። አንዳንድ ወዳጆቼ ከተማይቱ ስሟን የወረሰችበት በዓል ነውና ነሐሴ 13 ቀን ለቡሄ ደብረ ታቦር ላይ በቢስክሌት እንድረስ ይሉኛል። ችቦውን፥ ሙልሙሉን፥ በየደጁ የሚዞሩትን ልጆች ማየት ያስደስታል። ነገር ግን የነሐሴ ጭቃ ጎማና ሹካ መካከል ሲገባ ማርሽም ፍሬንም አይሠራም፤ አንድ ኪሎ ሜትር ሳይሄዱ ቢስክሌቱ ተሸካሚ መሆኑ ቀርቶ ሸክም ይሆናል። ለቡሄ የሚመጣ ሰው ቢስክሌቱን ቤቱ ትቶ፥ ዱላና የላስቲክ ጫማ ይዞ ይምጣ።